ከአማቴ መታጠቢያ በላይ ያለው ጎጆ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ሦስት ሠርግ በአንድ ቀን። የመጨረሻው ሙሽራ በሁሉም ፎቶ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ ይሆን ፍርሃት? ሚዜው ቢጨንቀው "አንተ፣ ስትመርጣትም እንዲህ ጨፍነህ ነው እንዴ?" አለው። ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች፤ እሱም ደንግጦ ገለጠ። ቻክ! አንድ ፎቶ ዳነች።

ስመለስ የሚስዮኑ ማተሚያ ቤት በር ላይ ሲስተር ፍሎሪያና ያዙኝ። የሚቀጥለው ዓመት የቀን መቁጠሪያ የወፍ ነው፤ ለየወሩ አንድ ወፍ፣ ወንዱና ሴቷ። ኖቬምበር ብቻ ባዶ ቀርቷል።

"ባለ ረጅም ጭራውን አምጣልኝ" አሉ። "ወንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሞልቷል። ጭራውን ሲያዩ ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋባቸዋል መሰለኝ። እኔ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ነው የምፈልገው። እስከ ኖቬምበር አምስት።"

እሺ አልኩ። አፌ መቼ እምቢ ማለት ያውቅና... የዞምባ ከተማ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የሚመኙትን ሥራ እምቢ ብል ደግሞ ሞኝ ነኝ። የበቆሎ ገንፎ ንሲማዬን በደረቅ ዓሣ በልቼ ልተኛ ነው። እግሬ አብጧል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

አገኘሁት! ሁለት ቀን ሙሉ የወንዙን ዳር ስዞር፣ እሱ ለካ ከቤቴ ጓሮ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ፉጨቱን ሰማሁ። ቀና ስል ወንዱ። ራሱ ጥቁር ሆኖ ሰማያዊ የሚያበራ፣ ጉትዬው የቆመ፣ ጀርባው የሸክላ ቀለም፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት። ጭራውማ... ሁለት ላባ፣ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ፣ ሲበር ከኋላው የሚውለበለብ።

ቆይታ ሴቷ መጣች። ያው ቀለም፣ ግን ፈዘዝ ያለ። ጭራዋ አጭር፣ የዓይኗም ቀለበት ደብዛዛ። ለማያውቅ ሰው የወንዱ እህት እንጂ ሚስቱ አትመስልም። ቀስ ብዬ ተከተልኳቸው። የዘይቱን ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርተዋል፤ ከሲኒ የማትበልጥ፣ በሸረሪት ድር የተሰፋች።

ዘይቱኑ ወዴት ነው የተጋደመው? የአማቴ የሳር አጥር መታጠቢያ ላይ። ጎጆዋ ልክ ከመታጠቢያው በላይ ናት።

ዛፍ የጠፋ ይመስል!

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ለኤስናት ነገርኳት። ሚስቴ ስትስቅ ትንፋሿ ይቆረጣል።

"ሌላ ወፍ ፈልግ" አለችኝ በመጨረሻ።

"በዚህ አካባቢ ሌላ ጎጆ የለም እኮ።"

"እኔስ ሌላ እናት አለችኝ?"

እውነቷን ነው። ወደዚህ መንደር ባል ሆኜ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። መጥረቢያና ብርድ ልብስ ይዤ ነው የገባሁት። ካስቀየምኩም መጥረቢያዬንና ብርድ ልብሴን ይዤ ነው የምወጣው፤ የሠራሁት ቤትም፣ ኤስናትም እዚሁ ይቀራሉ። በስምንት ወር ከአማቴ ከናፊሪ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም፤ አማችና አማት አይነጋገሩም፣ ሥርዓቱ ነው። መንገድ ላይ ከመጡ ማሳ ውስጥ ገብቼ ጀርባዬን እሰጣለሁ። እሳቸውም የሚነግሩኝ ነገር ካለ ለዶሯቸው ይነግሯታል። ትናንት እንኳ "አንቺ ዶሮ፣ የማድ ቤቱ ጣራ ሊያፈስ ነው፤ የሚያይ ሰው የለም አይደል?" ሲሉ ሰማሁ። ዶሮዋ ዝም። ጣራው ላይ የወጣሁት እኔ።

ግን እኮ ጠዋት ጠዋት እርሻ ናቸው። የሚታጠቡት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባነሳ ማንን እጎዳለሁ? ማንንም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ከጓሮው ያለው ኩይሳ ላይ ወጥቼ፣ ጆንያ ለብሼ፣ ረጅሙን ሌንስ ገጥሜ ዋልኩ። ጉንዳን አንገቴን ጨረሰው። ግን ምን አየሁ? እንቁላሉን የታቀፈው ወንዱ ነው! ያን ሁሉ ጭራ ከጎጆዋ ውጭ አንጠልጥሎ፣ ቁጭ። እኔ መታቀፍ የሴቷ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሴቷ ስትመጣ ብድግ አለ፣ እሷ ገባች። ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩት ያኔ ብቻ ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ። አመለጠኝ።

ለኤስናት "ወንዱም ይታቀፋል" ብዬ አወራሁላት።

"ታዲያ አንተ ምን ትጠብቃለህ? ድስቱ ያውልህ።"

እራት የሠራሁት እኔ ነኝ። አረረ። በላችው ግን።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ጉድ ሆንኩ።

የእናቶች ቀን ነው ዛሬ። በዓል መሆኑን አውቃለሁ፤ ገበያ ያልወጣሁትም ለዚያ ነው። እናቶች በበዓላቸው ቀን በጠዋት ታጥበው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ግን ይህ ጭንቅላቴ አላሰበም። በማለዳ ኩይሳው ላይ ነበርኩ። ወንዱ ታቅፏል። ሴቷ ከላይ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች። ጣቴ መጫኛው ላይ... ያኔ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ከአጥሩ ውስጥ።

ካሜራውን ልተወው ስል ሴቷ ወረደች፣ ወንዱ ተነሳ፣ ጣቴም እኔን ሳይጠይቅ ተጫነ። ቻክ ቻክ ቻክ ቻክ።

ውሃው ቆመ።

"ማነው?" አሉ ናፊሪ።

ምን ልበል? አማች ለአማቱ አይመልስም። "እኔ ነኝ፣ ወፍ እያነሳሁ ነው" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስምንት ወር የያዝኩትን ሥርዓት እንዴት ልስበር?

"ማነው እላለሁ!"

እግሬ አውጪኝ። ካሜራውን ከነትራይፖዱ እዚያው ትቼ፣ ሌንሱ ወደ መታጠቢያው እንዳፈጠጠ። ሌባ እንኳ ዕቃውን ይዞ ይሮጣል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ቧንቧው ጋ ሳልፍ ሴቶቹ ያገለደሙትን የቺቴንጄ ጨርቅ እስከ አገጫቸው ሳቡት። "ተሸፈኑ፣ ፎቶ አንሺው መጣ!" አንዷማ ባልዲዋን ሸፈነች። ሳቃቸው እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

ኤስናት አልሳቀችም። ካሜራውን ከኩይሳው ያመጣችው እሷ ናት። አልከፈተችውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "አንተ ክፈተው፤ ከዚያ እናቴ አሉበት ወይስ የሉበትም፣ እሱን ብቻ ንገረኝ" አለችና ወጣች።

ከፈትኩ። አራት ፎቶ። ሦስቱ ተንቀጥቅጠዋል። አራተኛው... አምላኬ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ነው! ወንዱ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ፣ ጭራው ሙሉውን፤ ሴቷ ጎጆዋ ጫፍ ላይ። ሁለቱም፣ ጥርት ብለው። ከታች ደግሞ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ጣሳ የያዘ አንድ እጅ። የናፊሪ እጅ። የመዳብ አምባራቸው ያበራል። ሌላ ምንም የለም፣ እጅ ብቻ። ግን እጃቸው ነው።

ባጠፋው ማን ያውቃል? ጣቴ ማጥፊያው ላይ ብዙ ቆየ።

ኤስናት ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። "አሉበት?"

"እጃቸው።"

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "አጎቴ ቅዳሜ ለዳኝነት ይመጣሉ" አለች።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

መጥረቢያዬን ስስል ዋልኩ። ለምን እንደምስለው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

በስንት ነገር ልጀምር...

ከማንጎው ሥር ተቀመጥን። አጎት ሌቭሰን፣ በኤስናት ወገን የትዳራችን ዋስ፣ ብቸኛው ወንበር ላይ። በእኔ ወገን ዋስ የሆኑት አጎቴ ከፋሎምቤ በሚኒባስ መጥተው፣ አቧራቸውን ገና እያራገፉ። ናፊሪ ምንጣፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙረው። እኔ መሬት፣ ዓይኔ የእግር ጣቶቼ ላይ።

"ልጄ" አሉ አጎት ሌቭሰን "አማቱን ያስቀየመ ብዙ አማች ዳኝቻለሁ። ሰክሮ የተሳደበ አለ፣ ፍየል የሸጠ አለ። ባለ ሦስት እግር ካሜራ ይዞ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።"

አጎቴን ሳል ያዛቸው።

"ማነው ሲሉህ ለምን አልመለስክም?"

"አማቴ ናቸው። እንዴት እመልሳለሁ?"

"ለምንስ ሮጥክ?"

"ብቆምስ?"

አጎት ሌቭሰን ጭንቅላታቸውን አከኩ። ወደ አጎቴ ዞረው "እሱስ ቢቆም ይብስ ነበር" አሉ። አጎቴ በኃይል ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ማንም አልሳቀም፤ ነገሩ እንዳላለቀ ገባኝ። ሁሉም የሚፈሩት ካሜራው ውስጥ ያለውን ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ሁሉም አፍረዋል።

ሳይጠይቁኝ አወጣሁት። አራተኛውን ከፍቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። "እጃቸው አለበት" አልኩ። ድምፄ የማን እንደሆነ እንጃ። አጎት ሌቭሰን አዩ፣ መነጽር አድርገው ደግመው አዩ፣ ለኤስናት ሰጧት። ኤስናት ለእናቷ። ናፊሪ እንደዞሩ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

እየሳቁ ነው!

"አንቺ ዶሮ" አሉ። ዶሮዋ በአካባቢው አልነበረችም። "ይህ እጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ያ ሰውዬ አላወቀም። ውሃ እየረጨሁላቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ዛፍ ላይ ሲወልዱ፣ ስታጠብ ሽቅብ እረጭላቸዋለሁ፤ እነሱም ይታጠባሉ። ወንዱ ከሁሉ ይወዳል፣ ጭራውን ለማሳመር ነው መሰለኝ። ሁለቱን አብረው ማየት ከፈለገ ኩይሳ ላይ ምን አወጣው? ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ነው ተሽቀዳድመው የሚመጡት። የሚታየውም ከመታጠቢያው ውስጥ ሆኖ ነው። ቢጠይቅ ኖሮ..."

በማን በኩል እጠይቃለሁ? ዶሮ የለኝም።

ፍርዱ ይኸው፦ ፎቶው አሁኑኑ ይጥፋ። ለናፊሪ አዲስ መታጠቢያ እሠራለሁ፣ በጡብ፣ ከረጅም ሰው ቁመት በላይ። አሮጌው ጫጩቶቹ እስኪበሩ ለእኔ ተፈቅዷል። ከዚህ በኋላ አንዲት ቅሬታ ከተሰማች ግን መጥረቢያዬን ይዤ እወጣለሁ።

በሁሉም ፊት አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ፎቶ በዕድሜዬ አንስቼ አላውቅም። አጎቴ ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲሉ "ሳትጠየቅ ያሳየኸው ነው ያዳነህ" አሉኝ። ይሁን። ኤስናት ዛሬ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተኝታለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ጡብ፣ ጭቃ፣ ጡብ። የሚያልፈው ሁሉ ይመክረኛል። "ዋይሰን፣ መስኮት እንዳትረሳ!" ሃ ሃ። መዳፌ ተላጠ። ዛሬ ጨረስኩ። ናፊሪ ሄደው አዩትና ለዶሮዋ "በሩ ለቀጭን ሰው ነው የተሠራው" አሏት። አፍርሼ አሰፋሁት። ሥራው ደስ ብሎኛል ግን፤ እውነቴን ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው።

ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል። ሦስት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

አሮጌው መታጠቢያ ውስጥ ገባሁ። ጫማዬን ውጭ አወለቅኩ። ለምን? እንጃ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ናፊሪ የሚታጠቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ከዚህ ሆኖ ጎጆዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አሁን ልዩነታቸውም ገብቶኛል። ወንዱ ሲመጣ ጭራው ቅጠል ላይ እየተያዘበት ዙሪያውን ዞሮ ነው የሚገባው። ሴቷ ግን ቀጥታ ናት፤ ጫጩቶቹን አጉርሳ ትሄዳለች። እሱ አንዴ ሲመጣ እሷ ሁለቴ። ለሦስት ሳምንት የእሱን ጭራ ሳይ የእሷን ብልሃት አላየሁም። ሲስተር ፍሎሪያና የሚሉት ለካ ይህን ነው።

አብረው ግን አልመጡም። ባትሪዬ አለቀ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። በደስታ ይሁን በድንጋጤ...

አመሻሽ ላይ ደጅ ተቀምጬ ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ ሳስተካክል፣ ናፊሪ አዲሱ መታጠቢያ ገብተው ነበር። ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ወፎቹ ጮኹ። የወትሮው ፉጨት አይደለም፣ ሻካራ ነው።

"ዋይሰን!"

ድምፁን አውቀዋለሁ። ስሜን ሲጠራ ግን ሰምቼው አላውቅም።

"ዋይሰን! እባብ! ልጆቹን ሊበላቸው ነው!"

"የት?" አልኩ። ለአማቴ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። የት።

"ዘይቱኑ ላይ ነዋ! ምን ይገትርሃል?"

ሮጥኩ። አረንጓዴ የዛፍ እባብ፣ ከቅጠሉ የማይለይ፣ ለጎጆዋ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ሁለቱም ወፎች እየተወረወሩ ራሱን ይነቁሩታል። ሴቷ ከወንዱ ይልቅ ትጠጋለች፤ የሚጎትታት ጭራ የላትም። ሁለቱ፣ አንድ ላይ፣ ፊቴ! ካሜራው ደግሞ እጄ ላይ...

አላነሳሁም። ትራይፖዱን ከነካሜራው ገልብጬ በእግሩ ቅርንጫፉን ወገርኩት። በወዲያ በኩል ናፊሪ፣ ቺቴንጄ አገልድመው፣ አንገታቸው ላይ ሳሙና እንዳለ፣ ሙሉ ባልዲ ውሃ ደፉበት። ግማሹ እኔ ላይ። እባቡ ወድቆ ወደ ሸንበቆው ተሳበ።

ከዚያ ዛፉ ሥር እኔና ናፊሪ፣ ፊት ለፊት። ፊታቸውን በቅጡ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። በዓይናቸው ኤስናትን ይመስላሉ። ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለ። ወዲያው አንገቴን ደፋሁ።

"ይቅርታ" አልኩ።

"የምን ይቅርታ? ልብስህን ቀይር፣ ብርድ ይመታሃል" አሉና ገቡ። ሳሙናውን የሚያለቀልቁበት ውሃ አልተረፋቸውም። ባልዲውን ሞልቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩ።

የሌንሱ ጠርዝ ተሰንጥቋል። ይሠራል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

አጎት ሌቭሰን ከአማቴ ጋር የመነጋገሬ ወሬ ደርሷቸው "እንደገና ልምጣ ወይ?" ብለው ላኩ። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልወረደልኝም።

ናፊሪ መልሰው ላኩባቸው፦ "የጠራሁት እኔ ነኝ። ከመጡ እኔን ይዳኙኝ።"

አጎት ሌቭሰን አልመጡም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ይኸው! ወንዱ በቀኝ፣ ጭራው እስከ ፎቶው ጥግ፣ አፉ ላይ ዝንብ። ሴቷ በግራ፣ አንገቷን ዘርግታ። በመካከል ሦስት የተከፈተ አፍ። ካጠፋሁት ይበልጣል? አይበልጥም። ግን የእኔ ነው፣ ማንንም አያሳፍርም።

ከአጥሩ ውጭ ድምፅ፦ "ያዝካቸው?"

"ያዝኳቸው።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም፣ እማማ።"

እማማ አልኩ። ከየት መጣ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ፎቶውን አደረስኩ። ሲስተር ፍሎሪያና ጣታቸውን ሴቷ ላይ አድርገው "እሰይ፣ እሷም በቅጡ ታየች" አሉ። "ይህን ከየት ሆነህ ነው ያነሳኸው?"

"ከአማቴ መታጠቢያ ውስጥ።"

ሲስተር አማተቡ። ላስረዳቸው ብል ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ትቼ ሮጥኩ። ምን አስበው ይሆን?

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ጫጩቶቹ ወጥተዋል። ሦስቱም ዘይቱኑ ላይ ተደርድረው ይለምናሉ። ከሰዓት በኋላ ናፊሪ ወደ በረንዳችን መጥተው፣ አብረን ስናያቸው ቆየን።

"ከሦስቱ ወንዱ የቱ ነው?" አሉኝ።

"አሁን አይለይም እማማ። ሲወጡ ሁሉም እናታቸውን ነው የሚመስሉት። ጭራው ኋላ ነው የሚመጣው።"

"እንግዲያው ያንተንም ጭራ እንጠብቃለን" አሉ። ኤስናት ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሳቀች። እኔም።

እራት ሲደርስ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ተነሳሁላቸው። አማት አማቿ ፊት አትበላም፤ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጠቡና ከመካከላችን ተቀመጡ። ኤስናት በጎን አየችኝ። ምድጃው ጋ የነበርኩት እኔ ነኝና አቀረብኩ። ንሲማውን ቆርሰው ከዓሣው መረቅ አጠቀሱ። ቀመሱ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ጨው በዝቶበታል" አሉኝ።

"ኧረ አልበዛበትም እማማ" አልኳቸው።